ያልረጠበው ገመድ

እኔ ዋና የማልችል የዓሣ ባለሙያ ነኝ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ሰው ውሃን የሚያውቀው በባልዲ ነው። የማጫውታችሁ ነገር ራሱ ግን አያስቅም። የጀመረው ከዚሁ ከፍርሃቴ ስለሆነ ነው አስቀድሜ የተናገርኩት።

ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አሶሳ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ላጤ ነኝ፣ ሞተር ሳይክል ተሰጥቶኛል፣ መታወቂያዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስሄድ ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ ነው የማየው። ከባምባሲ ወጣ ብሎ ለመስኖ የተገደበ ውሃ አለ፤ የአካባቢው ሰው በአጭሩ «ግድቡ» ይለዋል። እዚያ ውስጥ የዓሣ ጫጩት ያስገባሁት እኔ ነኝ። ከግድቡ በላይ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ሰዎች መንደር አለ፤ ከታች ደግሞ የአገሩ ነባር የሆኑት የበርታዎች መንደር። ከሁለቱም የተውጣጡ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው ቆሮሶ የሚባለውን ይህን ዓሣ ሲቀልቡና ሲጠብቁ ከርመዋል። መንደሮቹ በአንድ መስጊድ ይሰግዳሉ፣ በአንድ ገበያ ይውላሉ፤ አብረው አንድ ሥራ ሲጀምሩ ግን የመጀመሪያቸው ነበር። በየስብሰባው «የጋራ ሀብት፣ የጋራ ሀብት» እያልኩ የማደነቁራቸውም እኔው ነበርኩ። ዓሣው ሊወጣ የቀረው ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር።

ስለ ፕሮፌሰር ወለላም ልንገራችሁ፤ ያለ እሳቸው ታሪኩ አይሄድም። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ስለ አገራችን ሐይቆች የምናነበው ጽሑፍ ሁሉ ሥሩ ሲቆፈር መጨረሻው እሳቸው ጋ ይደርስ ነበር። ከእሳቸው በፊት ዓሣ የሚያጠናው ዓሣ ይቆጥራል፣ ውሃ የሚያጠናው ውሃ ይለካል፣ ደን የሚያጠናው ዛፍ ይቆጥራል፤ አንዱ የሌላውን በር አያንኳኳም። እሳቸው በወጣትነታቸው አንዲት የእንጨት ታንኳ ላይ ወጥተው ክረምት ከበጋ፣ በየሳምንቱ፣ አንድን ሐይቅ ከላይ እስከ ታች ለኩ። ከዚያ «ሐይቅ የሚጀምረው ከዳሩ አይደለም፤ ዝናቡ ከሚወርድበት ተራራ ነው» ብለው ተነሡ። ያን ጊዜ የሳቀባቸው ብዙ ነበር አሉ። ዛሬ ሥነ ምህዳር የሚማር ተማሪ መጀመሪያ የሚሰማው ይህንኑ ነው፤ ማን እንዳለው እንኳን ሳያውቅ።

እኛ ግን ሰለቹን። «ስንት ሰዓት ላይ ነው? ከምን ያህል ጥልቀት?» ከሁለቱ ጥያቄዎች ሌላ የሚያውቁ አይመስሉም ነበር። በሳተላይት ዘመን ገመድና ጠርሙስ ይዘው የሚዞሩ አሮጊት እያልን ከኋላቸው እንቀልድ ነበር።

ግንቦት ነበር። ለሳምንታት የቆየው ሙቀት በአንድ ጊዜ ተሰብሮ ሁለት ቀን ሙሉ ነፋስ የቀላቀለ ቀዝቃዛ ዝናብ ጣለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስልኬ ጮኸ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ይመር ናቸው። በደርግ ጊዜ በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው እዚያው ያረጁ፣ ከአፋቸው «አብሽር»፣ አይዞህ ማለታቸው ነው፣ የማይጠፋ ሰው። ያን ቀን አብሽር አላሉኝም።

«ታምራት፣ አለቅን! ዓሣው ነጭ ሆኖ ተንሳፈፈ!»

«ስንት ይሆናል?»

«ስንት ትለኛለህ እንዴ! ሙሉው ነው እንጂ! ቶሎ ድረስ!»

መሣሪያዬን ሞተሩ ላይ አስሬ ከአሶሳ ወጣሁ። ባምባሲ አልፌ ግድቡ ዳር ስደርስ አምስት ሰዓት ሆኗል። ዝናቡ ቆሞ ፀሐይዋ ትጠብሳለች። ዳሩ በሙሉ በሞተ ቆሮሶ ነጭ ሆኗል፤ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው እርስ በርስ ተደራርበዋል። ሽታው ገና አልጀመረም። ሰዉ ግን በሁለት ተከፍሎ ቆሟል፤ የላይኛው መንደር በአንድ በኩል፣ የታችኛው በሌላ በኩል። በመካከላቸው ባዶ ቦታ ነበር። ከዓሣው ይልቅ ያ ባዶ ቦታ ነው ያስደነገጠኝ።

ጋሽ ይመር ክንዴን ይዘው ወደ ዳር ወሰዱኝ። «ሐምዳን ነው» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ባለፈው እሁድ በሕዝብ ፊት ምን አለ መሰለህ? ‹ዓሣው ሊያልቅ ነው፣ አሁን አውጡት› አለ። ይኸው አለቀ። የእኛ መንደር ልጆች ቤቱን ሲፈትሹ ደግሞ የተወቀጠ ብርብራ አገኙ። በከረጢት ሙሉ!»

ብርብራን የማያውቅ ካለ፣ ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣ የሚያደነዝዝ ዛፍ ነው። የወንዝ አጥማጆች ከጥንት ጀምሮ ይጠቀሙበታል። አባባ ሐምዳን ደግሞ የታችኛው መንደር የወንዝ አጥማጅ ናቸው፤ ስልሳ የዘለሉ፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሰው። ማኅበሩ ሲቋቋም «በመረብ ካልሆነ ማጥመድ ክልክል ነው» ተብለው ከግድቡ የራቁትም እሳቸው ነበሩ። ያን ሕግ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።

አሁን ከግድቡ ዳር አንድ ዛፍ ሥር በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀምጠዋል። ልጃቸው ዘምዘም፣ ገበያ ላይ ዓሣ የምትሸጠው፣ ከጎናቸው ቆማለች። የፖሊሶቹ አለቃ የሆነው ኢንስፔክተር ወደ እኔ መጣ። ደከም ያለ፣ ክፉ የማይመስል ሰው ነው።

«ሕዝቡ እየጋለ ነው» አለኝ። «ባለሙያው አንተ ነህ። ከውሃው ነው ወይስ ከሰው? አንድ ወረቀት ስጠኝ፤ በዚያ ልሂድ።»

እዚህ ላይ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። የእኛ ቅጽ አምስት መስመር አለው፤ ከላይኛው የውሃ ገጽ ጀምሮ እስከ ወለሉ ድረስ በአምስት ጥልቀት ኦክስጅን ይለካና ይሞላል። ለዚህም መለኪያው በረጅም ገመድ ላይ ታስሮ በግድቡ መካከል፣ ጥልቁ ቦታ ላይ መውረድ አለበት። መካከሉ ድረስ የሚወስደው ግን ማኅበሩ ከጀሪካንና ከጣውላ የሠራው ታንኳ ብቻ ነው። ጠርዝ የለውም፣ መያዣ የለውም። ሁለት መቶ ሰው እያየኝ «እፈራለሁ» ልል ነው? ደግሞስ ቸኩለዋል፣ ፀሐይ ነው፣ ዓሣው ሞቷል፣ ብርብራው ተገኝቷል። ከዳር ሆኜ መለኪያውን እጄ እስከሚደርስበት ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ጥሩ ቁጥር አሳየኝ፤ ለዓሣ የሚበቃ፣ እንዲያውም የሚተርፍ ኦክስጅን። ያንን አንደኛው መስመር ላይ ጻፍኩ።

ቀሪዎቹን አራት መስመሮች ከጭንቅላቴ ሞላሁ። በዚያው ቁጥር ዙሪያ፣ አንዷን ትንሽ ከፍ፣ አንዷን ትንሽ ዝቅ እያደረግኩ። ከሥሩም «በሁሉም ጥልቀት የኦክስጅን እጥረት አልታየም፤ የዓሣው ሞት ከውጭ በገባ ነገር ሊሆን ይችላል» ብዬ ፈረምኩ። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ያንን አደራረግ ከሥራ ባልደረቦቼ ነው የተማርኩት ብል ውሸት አይደለም፤ ባዶ መስመር ያለው ቅጽ አለቃ አይቀበልም፣ እኛም ባዶ አናስቀርም። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ከሞላኋቸው መስመሮች ሥር የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን አንብቦ አጠፈው። «ተነሡ» አላቸው አባባ ሐምዳንን።

ሽማግሌው ተነሡ። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ውሃው እያዩ እንዲህ አሉ፦ «ብርብራ እኔ አውቃለሁ። ብርብራ ትንሽ ውሃ ነው የሚገድል። ይሄ ትልቅ ውሃ ነው። ጫካ ሁሉ ብትወቅጥ አይበቃም።»

ዘምዘም ፊቴ ድረስ መጥታ ቆመች። «አንተ ባለሙያ» አለችኝ፣ «አባቴ ‹ውሃ ታሟል፣ ታች ይሸታል› ብሎ ነው የተናገረ። እሱ ለእናንተ አዝኖ ነው። ወላሂ፣ አዝኖ ነው!»

«ሕግ ያየዋል» አልኳት። ይህችን ቃል ዛሬም ሳስታውሳት አፌን መታጠብ ያምረኛል።

ኢንስፔክተሩ ነገሩ እስኪረጋጋ ድረስ እንዳልርቅ ስለነገረኝ ባምባሲ አደርኩ። ማምሻውን አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ያረፍኩበት ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ፕሮፌሰር ወለላ ጋ ደወልኩ። ለምን ደወልኩ? እውነቱን ልናገር፤ እንዲያመሰግኑኝ ነው። በአንድ ቀን የዓሣ እልቂት መርምሬ ውጤት ሰጠሁ ብዬ ልኩራራ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው። ታሪኩን ሲሰሙ አላቋረጡኝም።

«ከዝናቡ በፊት ሙቀት ነበር?» አሉ።

«ኃይለኛ ሙቀት ነበር፣ ፕሮፌሰር።»

«የለካኸው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«ሰባት ሰዓት ግድም ነው።»

«ቁጥሮቹን አንብብልኝ። ከላይ ወደ ታች።»

አነበብኩ።

«በፀሐይ ቀትር፣ ከላይ እስከ ወለል አንድ ዓይነት ቁጥር። በግንቦት። ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ ስለካ እንዲህ ያለ አላጋጠመኝም። ታምራት፣ ገመዱ ረጥቦ ነበር?»

«ምን አሉኝ?»

«መለኪያውን ስታወጣው ገመዱ እስከ ምን ድረስ ረጥቦ ነበር ነው የምልህ።»

ልዋሽ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን «ክንዴን ያህል» አልኩ።

አልጮኹብኝም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። «በቀትር ከዳር የተለካ ውሃ የሚናገረው ስለ ዳሩ ብቻ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «በሙቀት ጊዜ ላይኛው ውሃ ይሞቅና እንደ ብርድ ልብስ ታችኛውን ይሸፍነዋል። ታችኛው አየር አያገኝም። ጎርፍ ያስገባው ቅጠል፣ እበት፣ ለዓሣ የበተናችሁት ምግብ ሁሉ እዚያ ይበሰብሳል። ነፋስና ቀዝቃዛ ዝናብ ሲመጣ ብርድ ልብሱ ይገለበጣል፤ ያ የታፈነ ውሃ ወደ ላይ ይወጣና ዓሣው ይታፈናል። ቀን ሲሆን በውሃው ላይ ያለው አረንጓዴ ነገር በፀሐይ ኦክስጅን ይሠራል፤ አንተም ከዳር ሆነህ ጥሩ ቁጥር ታገኛለህ። ይህን አስተምሬሃለሁ።»

«አስተምረውኛል።»

«መርዝም ሊሆን ይችላል። እኔ አላየሁም፤ አንተም አላየህም። ነገ ፀሐይ ሳይወጣ ግባና ለካ።»

«ፕሮፌሰር፣ ዋና አልችልም።»

«እኔም አልችልም» አሉ። «ዕድሜዬን ታንኳ ላይ ነው የፈጀሁት። ግባ።» ስልኩን ዘጉት።

ንጋት ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲል፣ ጋሽ ይመር በር ቆሜ ነበር። ታንኳውን የሚቀዝፍልኝ ሰው ፈልጌ። ፊታቸው አልተፈታም። «ነገሩ ካለቀ በኋላ ደግሞ ምን ትቆፍራለህ? ልጆቹ ማታ ዱላ ይዘው ወጥተው በስንት ልመና ነው የመለስናቸው። ተወው፣ ይብረድ» አሉኝ። ሌላም ሁለት ሰው ጠየቅኩ፤ እነሱም እንዲሁ አሉ። ያ ታንኳ በሁለቱ መንደር ውስጥ ከአባባ ሐምዳን ሌላ በደንብ የሚታዘዘው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለልጃቸው።

ወደ ታችኛው መንደር ሞተሬን እየገፋሁ በእግሬ ገባሁ። ድምፁን ማሰማት ፈራሁ። ዘምዘም ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፤ የተኛች አትመስልም።

«ምን ቀረ?» አለችኝ። «እኔንም ልትወስድ ነው?»

«ትናንት መካከሉን አልለካሁም» አልኳት። «የጻፍኩት ከራሴ ነው። አሁን ልለካ። ታንኳውን የሚቀዝፍልኝ አጣሁ።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ እሰማ ነበር። እሷ ግን ተነሥታ መቅዘፊያውን ከግድግዳው አነሣች።

ውሃው ላይ ስንወጣ ጭጋግ ነበር። ጣውላው ከሥሬ ሲዋዥቅ በሁለት እጄ ራሱን ጣውላውን ሙጥኝ አልኩ። ዘምዘም ቀበቶዬን ከኋላ በአንድ እጇ ጨበጠች። «አትንቀሳቀስ። አንተ ከባድ ነህ፣ ግን ውሃ ይችላል» አለች። አስቤው የማላውቀው ነገር ነው፤ አባቷን ያሳሰረባት ሰው እንዳይሰጥም ቀበቶውን ይዛለች። ከኀፍረቴ የተነሳ ፍርሃቴን ረሳሁት ብል ደስ ባለኝ፤ አልረሳሁትም። ሁለቱም አብረው ነበሩ።

መካከሉ ስንደርስ መለኪያውን አወረድኩ። ላይኛው ገጽ ላይ ራሱ ቁጥሩ ወርዶ ወርዶ አንድም አልሞላም። ሁለት ሜትር ላይ ዜሮ። አራት ላይ ዜሮ። ስድስት ላይ ዜሮ። ወለሉ ላይ ዜሮ። ጠርሙሱን አውርጄ ከታች ውሃ ቀዳሁና ስከፍተው የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ፊቴን መታኝ።

«ይሄ ነው» አለች ዘምዘም። «አባቴ የሸተተው ይሄ ነው። ባለፈው ጊዜ የማኅበር መረብ ታች ነክቶ ሲወጣ ሸተተው። ነገረው፣ ማን ሰማው?» ከዚያ በመቅዘፊያው ወደ ታንኳው ጎን ጠቆመችኝ። አንድ አምባዛ ከሞቱት ቆሮሶዎች መካከል አፉን ከውሃ አውጥቶ አየር ጎርሶ ተመልሶ ገባ። «አምባዛ አልሞተም። እሱ ከላይ ይተነፍሳል። ብርብራ ቢሆን ግን እሱም ይሰክር ነበር።»

ትናንት ዳሩን ስዞር አንድም የሞተ አምባዛ እንዳላየሁ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ዓይኔ ፊት ነበር። እኔ ግን ቅጽ እየሞላሁ ነበር።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ጣቢያው ደረስኩ። አዲሱን ቅጽ፣ የዛሬውን፣ አምስቱም መስመር በእውነት የተሞላውን ይዣለሁ። መንገዱን ሙሉ ስዘጋጅ ነበር። «ተጨማሪ ምርመራ አድርጌ አዲስ ውጤት አግኝቻለሁ» ልል ነው። ይኸው ነው። ስለ ትናንቱ ምንም ሳልናገር ሰውዬው ይፈታል፣ እኔም እድናለሁ።

ኢንስፔክተሩ አዲሱንም አሮጌውንም ጎን ለጎን ዘርግቶ አየ። ብልህ ሰው ነው። «ትናንት ወለሉ ላይ ኦክስጅን ነበር» አለ። «ዛሬ የለም። በመካከሉ ይህ ሁሉ ዓሣ ሲበሰብስ አድሯል። አሁን ቢጠፋ ምን ይገርማል? ይህ ትናንት መርዝ እንዳልነበረ አያሳየኝም።» ከመሳቢያው ሌላ ወረቀት አወጣ። «ደግሞም አትድከም። ሰውዬው ማታ አምኗል። ይኸው ጣቱ።»

አነበብኩት። ብርብራውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ፣ ማንም አላገዘኝም ይላል። ከሥሩ የአውራ ጣት አሻራ አለበት።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የተሰማኝን ብደብቃችሁ ይህን ሁሉ መጻፌ ዋጋ የለውም፤ እፎይ አልኩ። ሰውዬው ራሱ አመነ፣ የእኔ ወረቀት ምንም አልጎዳም አልኩ በልቤ። ከዚያ ቀበቶዬን የያዘችው እጅ ትዝ አለችኝ። «ላነጋግራቸው» አልኩ።

አባባ ሐምዳን ግቢው ውስጥ ጥላ ላይ ተቀምጠዋል። ሰላምታዬን ተቀበሉኝ።

«አባባ፣ ብርብራ ጨምረዋል እንዴ?»

«አልጨመርኩም።»

«ታዲያ ለምን ፈረሙ?»

በእጃቸው መሬቱን ጠረግ ጠረግ አደረጉ። «ልጆቹ ዱላ ይዞ ነበር። የእኛ ልጆች፣ የእነሱ ልጆች። ሰምቻለሁ። እኔ ሽማግሌ ነኝ። አንድ ሽማግሌ ይግባ፣ ልጆቹ ይተኛ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ትናንት ዛፍ ሥር ነበርኩ። ታንኳ ውሃ አልገባም። አይቻለሁ። አንተ ወረቀት ጻፍክ፣ እኔ ወረቀት ላይ ጣት አደረግሁ። ሁለታችን ዋሸን። ውሸት ሐራም ነው። የእኔን አላህ ያውቃል፣ ለምን እንደሆነ።»

የእኔን አልጠየቁኝም።

ኢንስፔክተሩ ፊት ተመልሼ ቆምኩ። «የትናንቱ ወረቀት ውሸት ነው» አልኩት። «አንደኛውን መስመር ብቻ ነው የለካሁት፤ እሱንም ከዳር። አራቱን ፈጥሬ ነው የጻፍኩት። ታንኳ ላይ መውጣት ፈርቼ ነው።»

ወረቀቶቹን ትቶ እኔን አየኝ። «ይህን ጻፍ ብልህ ትጽፋለህ? ፈርመህ?»

«እጽፋለሁ።»

«ሥራህስ?»

«አላውቅም።»

ጻፍኩ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁለቱም መንደር መስጊዱ ፊት ለፊት ካለው ሜዳ ተሰብስቦ ራሴው አነበብኩላቸው። ስለ ውሃው መገልበጥ፣ ስለ አምባዛው፣ ስለ ሽታው፣ ከሁሉም በላይ ስለ አራቱ መስመሮች። አንድ ሰው ከኋላ «ተከፍሎት ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አላወቅሁም። ጋሽ ይመር አንገታቸውን ደፍተው ነበር። አባባ ሐምዳን በአምስተኛው ቀን ተፈቱ። ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ስጠይቅ «አላህ ይቅር ይበልህ፣ እኔ ብያለሁ» አሉኝና ሻይ አስቀዱልኝ። እኔም ሥራዬን ባላጣም ሞተሬን አጣሁ፤ ዓመት ሙሉ መጋዘን ውስጥ የመረብ ቆጣሪ ሆንኩ። የሚገባኝ ከዚያ በላይ ነበር።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ምን ተለወጠብህ ብትሉኝ፣ ዛሬ ከእኔ በኋላ የመጡ ልጆችን ታንኳ ላይ አስወጥቼ «ስንት ሰዓት ነው? ከምን ያህል ጥልቀት?» እያልኩ አሰለቻቸዋለሁ። ከኋላዬ እንደሚቀልዱም አውቃለሁ። ባዶ መስመር ባዶ ሆኖ እንዲቀር አለቆቼን እከራከራለሁ። ፕሮፌሰሬ ሐይቅን ከተራራው ጀምረው ሲያዩት ዓሣውን፣ ነፋሱን፣ የላሙን እበት አብረው ያዩ ነበር። እኔ የጨመርኩበት አንድ ነገር ቢኖር ስለ ሐይቁ የተጻፈው ቁጥርም ከሐይቁ ወጥቶ ሰው ቤት እንደሚገባ ማወቄ ነው። እናንተም የውሃ ባለሙያ ባትሆኑ የምትሞሉት ቅጽ አይጠፋም፤ መዝገብ ቤት፣ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት። ማንም የማያየው የሚመስላችሁ መስመር ላይ እጃችሁ ሲደርስ ትንሽ ቆም በሉ። ይህን ስላችሁ ግን እኔ ነገሩን አስተካክዬ የጨረስኩት እንዳይመስላችሁ።

አባባ ሐምዳን ከዚያ ወዲህ ውሃ ዳር አይሄዱም። ወረቀት ከጣቢያ ያስወጣል፤ ከሰው ጥርጣሬ ግን አላስወጣቸውም። «አምኖ ነበር እኮ» ይባላል ዛሬም፣ በለሆሳስ። «ያላደረገ ሰው ያምናል?» ለምን እንዳመኑ ብዙ ጊዜ አስረድቻለሁ። ሰዉ ራሱን ይነቀንቅልኛል፤ ከዚያ ወሬው በሌላ በር ይገባል።

ባለፈው ወር ባምባሲ ገበያ ነበርኩ። ዘምዘም ግድቡ ውስጥ እንደገና የረባውን ቆሮሶ ዘርግታ ተቀምጣለች። ገዢዎቿ የታችኛው መንደር ሰዎች ብቻ ናቸው። ጋሽ ይመር በሰው መካከል መጡ፤ ጮክ ብለው ሰላምታ ሰጧት፣ ትልቁን ዓሣ መርጠው አስጠቀለሉ፣ «አብሽሪ ልጄ፣ እኛ አንድ ነን» አሉ። ገበያተኛው ዞሮ አየ። እኔም ልቤ ሞቀ፤ ዕንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም። በዓይኔ ሸኘኋቸው። የገበያውን ጥግ አልፈው የእህል መጋዘኑን ሲዞሩ ቆም አሉ፣ ግራ ቀኝ አዩ፣ ዓሣውን ከነመጠቅለያው ለውሻ ወረወሩለት።

ወደ ዘምዘም ስዞር እሷም ወደዚያው እያየች ነበር። እጇን በውሃ አለቅልቃ የሚቀጥለውን ገዢ መጠበቅ ጀመረች።